የፈተና ቃላት ከየት መጡ? ወዴትስ ይሄዳሉ?

እስቲ ውድ አንባቢ፣ አንድ የፈተና ጥያቄ ላቅርብልዎ። «ሯጭ ለማራቶን እንደሆነ ሁሉ፣ ማን ለምን ነው?» ይልና ከሥሩ አምስት ምርጫዎች ይደረድራል። መልእክተኛ ለኤምባሲ፣ ሰማዕት ለእልቂት፣ ቀዛፊ ለሬጋታ፣ ዳኛ ለውድድር፣ ፈረስ ለጋጣ። የትኛውን ይመርጣሉ?

ማራቶንን በሚመለከት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ማብራሪያ የሚያስፈልገን አይመስለኝም። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ ወዲህ ቃሉ የእኛም ሆኗል። ችግሩ ያለው «ሬጋታ» ላይ ነው። ሬጋታ ማለት የጀልባ እሽቅድምድም ነው። ይህን የሚያውቅ ልጅ፣ ሯጭ በማራቶን እንደሚወዳደር ሁሉ ቀዛፊም በሬጋታ ይወዳደራል ብሎ መልሱን በአንድ ትንፋሽ ያከብባል። የማያውቀው ልጅ ደግሞ የቱንም ያህል አእምሮው ብሩህ ቢሆን ወይ ይገምታል፣ ወይ «ዳኛ ለውድድር» የሚለውን መርጦ ይሳሳታል። ጣና ላይ በታንኳ እንጨት ሲያመላልስ ያደገ ልጅ ስለ ቀዘፋ የሚያውቀው ከፈታኞቹ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ሬጋታ የሚባል ነገር ግን ሰምቶ አያውቅምና ነጥቡን አያገኝም።

ጥያቄው እኔ የፈጠርኩት አይደለም። ኤስ ኤ ቲ በሚባለው የአሜሪካ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ላይ ወጥቶ የነበረና ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር የኖረ ጥያቄ ነው። የክርክሩም ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ጥያቄው የሚለካው የልጁን አእምሮ ነው ወይስ የአባቱን ሰፈር? ለመሆኑ እነዚህ «ከበድ ያሉ» የሚባሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ከየት መጥተው ነው የስንቱን ልጅ ዕድል የሚወስኑ ዳኞች የሆኑት? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ታሪክ መከተል ነው። ታሪኩ ከአሜሪካ ይነሣና የእኛንም ደጅ ያንኳኳል።

ነገሩ የሚጀምረው ከጦር ሠፈር ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ፣ ሮበርት ዬርክስ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ የሚመራው ቡድን ለምልምል ወታደሮች የአእምሮ መለኪያ ፈተና አዘጋጀ። ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈተነ። እንግሊዝኛ ማንበብ ለሚችሉት የተዘጋጀው ፈተና «አርሚ አልፋ» ይባል ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ክሪስኮ ምንድን ነው?» የሚል ነው። መድኃኒት ነው? የጀርም ማጥፊያ ነው? የጥርስ ሳሙና ነው ወይስ ምግብ? ክሪስኮ በአሜሪካ ሱቆች የሚሸጥ የምግብ ቅባት ነው። ከጣሊያን ወይም ከፖላንድ በመርከብ መጥቶ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለውትድርና የተመለመለ ምስኪን ታዲያ ይህን ባለማወቁ አእምሮው ዝቅተኛ ነው ተብሎ ተመዘገበ።

ካርል ብሪገም የተባለ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ መምህር የዚህን ፈተና ውጤት ይዞ፣ እ.ኤ.አ. በ1923 ስለ አሜሪካውያን የአእምሮ ችሎታ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። መደምደሚያው የሰሜን አውሮፓ ዘር በአእምሮ ከሁሉ ይልቃል፣ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጡት ስደተኞችና ጥቁሮች ግን የአገሪቱን አእምሮ ዝቅ ያደርጋሉ የሚል ነበር። የሚገርመው በእጁ የነበሩት አኃዞች ሌላ ነገር መናገራቸው ነው። ስደተኞቹ አሜሪካ ውስጥ በቆዩ ቁጥር ውጤታቸው ከፍ ይል ነበር። ከ20 ዓመት በላይ የኖሩት እዚያው ከተወለዱት ጋር ሊስተካከሉ ጥቂት ነበር የቀራቸው። ቅን ሰው ይህን ቢያይ «እንግዲያው ፈተናው የሚለካው ቋንቋውንና አገሩን መልመድን ነው» ይላል። ብሪገም ግን ቀደም ብለው የመጡት የተሻለ ዘር ስለነበሩ ነው ብሎ አለፈው።

የኮሌጅ መግቢያውን ፈተና እንዲያዘጋጅ የተመረጠውም ይኸው ሰው ነው። ኤስ ኤ ቲ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 1926፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 16 ቀን 1918 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ቀን 8,040 ተማሪዎች ተፈተኑ። ጥያቄዎቹ 315፣ የተሰጠው ጊዜ 97 ደቂቃ ነበር። ሒሳቡን ቢያሰሉት ለአንድ ጥያቄ ሃያ ሴኮንድ እንኳ አይደርስም። ከዘጠኙ የፈተናው ክፍሎች መካከል የቃላት ፍቺ፣ ተቃራኒ ቃላትና የቃላት ዝምድና ይገኙበታል። የከባድ ቃላት ዘመን የተጀመረው በዚያች ዕለት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ብሪገም አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን በሟች ላይ ግፍ ይሆንብኛል። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1930 የቀድሞ ሥራውን መሠረት የለሽ ነው ብሎ በራሱ ብዕር አፈረሰው። ኋላም ፈተናው የሚያሳየው የተወለዱበትን አእምሮ ሳይሆን ትምህርትን፣ የቤተሰብን ሁኔታና እንግሊዝኛን መልመድን ሁሉ የደባለቀ ነገር ነው እስከ ማለት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1943 ሞተ። አንድ ሊቅ በአደባባይ ያሳተመውን በአደባባይ ሲሽር ማየት በየትም አገር ብርቅ ነው። ግን ምን ዋጋ አለው? አባት ቢክደውም ልጁ አድጎ ነበር።

ፈተናውን ያሳደጉት ደግሞ ሌላ ሐሳብ የነበራቸው ሰዎች ናቸው። ጄምስ ኮናንት እ.ኤ.አ. በ1933 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሲሆን ዩኒቨርሲቲው የባለጠጋ ልጆች መናኸሪያ ነበር። ኮናንት ከየገጠሩ ጎበዝ ድሃ ልጆችን ፈልጎ በነጻ ለማስተማር አሰበ። ሄንሪ ቾንሲ የተባለ ረዳቱም መምረጫ ይሆናል ብሎ ኤስ ኤ ቲን አመጣለት። እ.ኤ.አ. በ1947 ፈተናውን የሚያዘጋጅ ራሱን የቻለ ድርጅት ሲቋቋም የመጀመሪያው ኃላፊ ይኸው ቾንሲ ሆነ። እንግዲህ ያንኑ መሣሪያ አንዱ በሩን ለመዝጋት፣ ሌላው በሩን ለመክፈት ነበር የፈለገው።

ከዚያ በኋላ ገበያው መጣ። በኒውዮርክ ብሩክሊን፣ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ስደተኞች ልጅ የሆነው ስታንሊ ካፕላን፣ በወላጆቹ ቤት ምድር ቤት ውስጥ የሠፈር ልጆችን ያስጠና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ለኤስ ኤ ቲ ማስጠናት ጀመረ። የፈተናው ባለቤቶች «ይህ የተፈጥሮ ችሎታ መለኪያ ስለሆነ በጥናት አይሻሻልም» ይሉ ነበር። ካፕላን ግን ቃላት የሚጠኑ ነገሮች መሆናቸውን ያውቃል። ከዓመታት በኋላ ባሮንስ የተባለው አሳታሚ 3,500 ቃላት የሚዘረዝር የጥናት መጽሐፍ አወጣ። ሪደርስ ዳይጀስት መጽሔትም እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ በዊልፍሬድ ፈንክ አዘጋጅነት በየወሩ የቃላት መለማመጃ ያትም ነበር። ቃላት እንደ ቡና በኪሎ የሚሸጡ ሸቀጦች ሆኑ ማለት ነው። ገንዘብ ያለው ገዛ፤ የሌለው ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። ለመሆኑ የእንግሊዝኛ ከባድ ቃል ለምን ከባድ ይሆናል? መልሱ ያለው በ1066 ነው። በዚያ ዓመት ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ኖርማኖች እንግሊዝን ወረሩ። ለብዙ ዘመን ቤተ መንግሥቱና ችሎቱ ፈረንሳይኛ፣ ቤተ ክርስቲያኑና ትምህርቱ ላቲን፣ ገበሬው ደግሞ እንግሊዝኛ ይናገር ነበር። በሬው በመስክ ሳለ ስሙ በገበሬው ቋንቋ ነው። ታርዶ ከጌታው ገበታ ሲቀርብ ስሙ ወደ ፈረንሳይኛ ይለወጣል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የቤት ቃል አጭርና ቀላል ሲሆን፣ የመጽሐፍ ቃል ግን ረጅምና ባዕድ ሆኖ ቀረ። በፈተና የሚመጣው ይህ የመጽሐፍ ቃል ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አማርኛም ከግዕዝ ጋር ያለው ዝምድና ተመሳሳይ ነው። «ተናጋሪ» ማንም ይገባዋል፤ «አንደበተ ርቱዕ» ስንል ግን ከግዕዝ ተበድረን ነው። «ጸሐፈ» የሚለውን አንድ ግስ ያወቀ ሰው ጸሐፊን፣ ጽሕፈትን፣ ጽሑፍንና መጽሐፍን በአንድ ገመድ ይጎትታቸዋል። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው። በላቲን መናገር ከሚል አንድ ሥር «ሎኩዌሸስ»፣ ማለትም ለፍላፊ፣ «ኤሎኩዌንት»፣ ማለትም አንደበተ ርቱዕ፣ «ኮሎኩዊያል»፣ ማለትም የዕለት ተዕለት አነጋገር፣ የሚሉት ቃላት ይበቅላሉ። ሥሩን ያወቀ ቅርንጫፉ አይከብደውም። ሥሩን ሳይነግሩት ቅርንጫፉን የሚያሸክሙት ተማሪ ግን የተሸከመውን ፈተናው ባለቀ ማግስት ይጥለዋል።

ወደ እኛ እንመለስ። እንግሊዝኛ የትምህርታችን ቋንቋ የሆነው እንደሚመስለን ከጥንት ጀምሮ አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በፊት በከተማው ምሑር ዘንድ ሚዛን ይደፋ የነበረው ፈረንሳይኛ ነው። በ1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ከአርበኞቻችን ጋር ሆነው ጣሊያንን ሲያስወጡ ሚዛኑ ተለወጠ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲያደርግ፣ የሁለተኛ ደረጃውንና የከፍተኛውን ለእንግሊዝኛ ተወው። ስለዚህ የእኛ አገር ልጅ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ አስቦ ያደገበትን አእምሮ ይዞ በእንግሊዝኛ ይፈተናል። የታሪክ ፈተናም ሆነ የፊዚክስ ፈተና፣ በውስጡ የእንግሊዝኛ ፈተና አለበት።

እኔ የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰድኩት በ2001 ዓ.ም. ነው። ከሌሎቹ ትምህርቶች ጋር «አፕቲትዩድ» የሚባል ፈተና ነበረብን። ከሒሳቡ ጎን ተመሳሳይ ቃል፣ ተቃራኒ ቃል፣ የቃላት ዝምድና ይጠየቃል። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣ የነገረን አልነበረም። ዛሬ ግን የብሪገምን ፈተና ክፍሎች ዝርዝር ስመለከት የገዛ ትምህርት ቤቴን ግቢ ያየሁ ይመስለኛል።

የምናጠናው ከአንድ የአሜሪካ የጥናት መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ፣ ኮፒውም እንደገና ኮፒ ተደርጎ እጃችን ከገባ የቃላት ዝርዝር ነበር። ፊደሉ ከመደብዘዙ የተነሣ አንዳንዱን ቃል በግምት እናነበዋለን። ለእያንዳንዱ ቃል አምሳሉ አክሊሉና ሞዝባክ ካዘጋጁት መዝገበ ቃላት የአማርኛ ፍቺ እየፈለግን በደብተር እንገለብጣለን። ከመጀመሪያዎቹ ቃላት አንዱ «አቤት» ሲሆን ትርጉሙ ቀነሰ፣ በረደ ማለት ነው። ለሳምንት ያህል አስተማሪ ስም ሲጠራ «አቤት» ያለውን ሁሉ «ምኑ ነው የቀነሰው?» እያልን እንስቅ ነበር። ሳቁ ጠቀመን፤ ያን ቃል ከክፍላችን የረሳው ያለ አይመስለኝም። ችግሩ የኮፒው ዝርዝር ከሦስተኛው የእንግሊዝኛ ፊደል አያልፍም። መጽሐፉን ያየ እንጂ የገዛ አልነበረምና ቀሪውን የት እናግኘው? በመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት ለሚጀምር ቃል ሊቃውንት ነበርን፤ ከዚያ ወዲያ ላለው ፈጣሪ ያውቃል።

በዚያው ከተማ፣ ከእኛ ጥቂት ፌርማታ ርቀው የሚማሩ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተረት ሲነበብላቸው ያደጉ ልጆች ነበሩ። እነርሱ ዝርዝር አያስፈልጋቸውም። የእኛ ባዕድ ለእነርሱ የቤት ቃል ነው። የገጠሩ ልጅ ደግሞ የእኛን ደብዛዛ ኮፒ እንኳ አላየም። ሦስታችንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ አንድ ዓይነት ወረቀት ቀረበልን። ወረቀቱ አንድ መሆኑ እኩልነት ይባላል። ከወረቀቱ በፊት የነበሩት አሥራ ሁለት ዓመታት ግን አንድ አልነበሩም።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ሌላ ነው። እኛ የቃላት ዝምድና ስንለማመድ አሜሪካኖቹ ጥያቄውን ትተውት ነበር። ተቃራኒ ቃላትን እ.ኤ.አ. በ1994፣ የቃላት ዝምድናን በ2005 ከኤስ ኤ ቲ አወጡ። በ2016 ደግሞ ከፈተና በቀር የትም የማይገኙትን ቃላት አስቀርተው፣ አንድ ቃል በተሰጠ ምንባብ ውስጥ ምን ትርጉም እንዳለው ብቻ ይጠይቁ ጀመር። ልብሱ ባለቤቱ ዘንድ ፋሽኑ ካለፈበት በኋላ እኛ ዘንድ ገና የክት ነበር።

ታዲያ ፈተና ይቅር? አልልም። አሜሪካ ውስጥ ከ2020 ወዲህ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኤስ ኤ ቲን መጠየቅ ትተው ነበር፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም እርግፍ አድርጎ ተወው። ኤም አይ ቲ በ2022፣ ዳርትማውዝና ሃርቫርድ በ2024 ግን ወደ ፈተናው እንደሚመለሱ አስታወቁ። ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። ፈተና በሌለበት የሚቀረው የድጋፍ ደብዳቤና ያማረ ድርሰት ነው፤ ይህን ደግሞ ባለጠጋ ከቃላት ዝርዝር በበለጠ በገንዘብ ይገዛዋል። በእኛም አገር የገበሬውን ልጅ ያለ ዘመድና ያለ አማላጅ ዩኒቨርሲቲ ያስገባው ድልድይ ያው አገር አቀፍ ፈተና ነው። ድልድዩን ማፍረስ ማንንም አይጠቅምም።

ነገር ግን በድልድዩ ስንቱ ይሻገራል? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በጥር 2015 ሲነገር፣ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህን ሁሉ ምክንያት በአንድ ቋንቋ ላይ መደፍደፍ ጥድፊያ ይሆናል፤ ጦርነትም፣ ወረርሽኝም፣ የመምህርና የመጽሐፍ እጦትም ነበር። ይሁን እንጂ ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ልጅ መልሱን ያውቅ ኖሮ እንደሆነ ማን ሊነግረን ይችላል?

ቃላት በቃል ማጥናት ለዚህ አገር አዲስ ነገር እንዳልሆነ ሳስብ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይቆጨኛል። የቅኔ ተማሪን ያስቧል። ለምዱን ለብሶ፣ ቁራሹን ለምኖ፣ ግስ ያጠናል። «ቀተለ»፣ «ቀደሰ»፣ «ባረከ»፣ «ቆመ» ከሚሉት አርእስት ተነሥቶ የግዕዙን ግስ ከአማርኛ ፍቺው ጋር በሺህ ይቆጥራል። በላይ ላዩ ሲታይ ከእኛ የቃላት ደብተር የሚለይ አይመስልም። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። የቅኔ ተማሪ ዛሬ ያጠናውን ግስ ብዙ ሳይቆይ ይሠራበታል። ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ወደ ዱር ወጣ ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፤ ተመልሶ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ቃሉ ያለቦታው ገብቶ ከሆነ ያርመዋል። ቃሉ በሰም በኩል ምን እንደሚል፣ በወርቅ በኩል ምን እንደሚል ካልታወቀ ዐወቀው አይባልም። ያ ትምህርት ቤትም ሁሉን አላቀፈም፤ እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያለች ሴት የቅኔ መምህርት ብርቅ ነበረች። ቃልን ለመገልገያ እንጂ ለመጣያ አለማስጠናቱ ግን ሊካድ አይችልም።

አሜሪካኖቹ ከዘጠና ዓመት ሙከራ በኋላ የደረሱበት «ቃሉን በቦታው ጠይቅ» የሚለው ሐሳብ እንግዲህ በጎጃምና በጎንደር ዛፍ ሥር ሲሠራበት የኖረ ነው። እኛ የእነርሱን የተጣለ ፈተና ከመበደር የራሳችንን ዘዴ ለእንግሊዝኛው ብናውለው ምን ይጎዳል? ተማሪ በሳምንት ሃምሳ ቃል ገልብጦ ከሚረሳ፣ አሥር ቃል ይዞ በአሥሩ አንድ አንቀጽ ይጻፍ፤ መምህሩም ያርምለት። ሥሩን ይንገረው፤ ቅርንጫፉን ልጁ ራሱ ይፈልገው። ከሁሉ በላይ የሚያነበው መጽሐፍ ይኑረው። ቃል ሳይጠና የሚለመደው በንባብ ነውና፣ ያን ያህል ዓመት እኛን የቀደሙን ልጆች ምስጢርም ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ፈታኙም የራሱ ድርሻ አለበት። አንድ ቃል በጥያቄ ውስጥ ከማስገባቱ በፊት «ይህን ቃል የሚያውቀው ያሰበ ልጅ ነው ወይስ ያጋጠመው?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው። አንድ የኛ ሰው ተነሥቶ «ሯጭ ለማራቶን፣ ፈረሰኛ ለጉግስ» ብሎ የሃርቫርድን ተማሪዎች ቢፈትናቸው ስንቱ ያልፋል? ጃን ሜዳ ጥምቀት ያከበረ የሠፈራችን ልጅ ግን እየሳቀ ይመልሰዋል። ይህም ከሃርቫርዱ ልጅ ይበልጣል ማለት አይደለም፤ ጉግስ አይቶ ማደጉን ብቻ ነው የሚነግረን።